ቼክሰሙ አልገጥም ሲል

ጥያቄ፦ የኡቡንቱን (የነፃውን ስርዓተ ክወና) አይኤስኦ ፋይል፣ ማለትም ሙሉ መጫኛውን የያዘውን ፋይል፣ ደጋግሜ አወረድኩ። መጠኑ ልክ ነው፤ የኤስኤችኤ-256 ቁጥሩ (ቼክሰሙ፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላው መለያ) ግን ድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። ችግሩ ኢንተርኔቴ ነው?

መልስ፦ ኢንተርኔቱን ገና አይውቀሱ። እንደገና ማውረድዎንም ያቁሙ፤ ፓኬጅዎን በከንቱ ይጨርሳሉ። መጀመሪያ እጅዎ ላይ ያለውን ፋይል ቼክሰም አስልተው ይመዝግቡ። ሰቨን-ዚፕ የተባለው የፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም ካለዎት ፋይሉን ራይት ክሊክ አድርገው ኤስኤችኤ-256ን መምረጥ ይበቃል። ከዚያ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርገው ያንኑ ፋይል ደግመው ያስሉ። ሪስታርቱን አይዝለሉት፤ አለበለዚያ ሁለተኛው ስሌት ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ላይ ከቀረው ቅጂ ሊነበብ ይችላል።

ሁለቱ ውጤቶች ከተለያዩ ጥፋቱ የኔትወርኩ አይደለም። ያልተነካ ፋይል ሺህ ጊዜ ቢሰላ የሚሰጠው ያንኑ 64 ፊደልና አሃዝ ነው፤ ከጊጋባይቶች መሃል አንዲት ቢት (ትንሿ የመረጃ ቅንጣት) ብትገለበጥ ግን ውጤቱ ከነጭራሹ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ማሽኑ ራሱ አሳስቶ እያነበበ ነው ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ራሙን ነው። ራም የሚፈትሸውን ፕሮግራም ሜምቴስት86+ን ሌሊቱን ሙሉ ያስኪዱት፤ አንድም ስህተት ካሳየ ራሞቹን እየነቀሉ አንድ በአንድ ይፈትሹ። ፋይሉ ውጫዊ ዲስክ ላይ ከሆነ ግን በቅድሚያ ኬብሉንና የዩኤስቢ ቀዳዳውን ይቀይሩ።

ውጤቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ካልገጠመስ? በየማውረዱ ያገኙት ቁጥር ሁሉ ያው ከሆነ ፋይሉ ምናልባት ደህና ነው፤ የሚያወዳድሩት ከሌላ ቁጥር ጋር ነው። የ22.04.4ን እትም ፋይል ይዘው የ22.04.5ን ቁጥር ማየት፣ ወይም ዴስክቶፑን ከሰርቨሩ ማምታታት በጣም የተለመደ ነው።

በየማውረዱ የተለያየ ቁጥር ካገኙና ማሽኑም ፈተናውን ካለፈ፣ ያኔ ማውረዱን እንጠርጥር። መጠኑ ልክ መሆኑ አያጽናናዎት፤ ብዙ የማውረጃ ፕሮግራሞች ገና ሲጀምሩ ሙሉውን ቦታ ይይዛሉ፣ መሃሉ ባዶ ቢቀርም መጠኑ ሙሉ ይመስላል።

መፍትሔው ቶረንት ነው፤ ፋይልን ከብዙ ሰዎች ኮምፒውተር በቁራጭ በቁራጭ የማውረጃ ዘዴ። ኡቡንቱ ራሱ የቶረንት ፋይል ያቀርባል፤ ቶረንት ደግሞ ፋይሉን ቆራርጦ ለእያንዳንዱ ቁራጭ የየራሱን ቼክሰም ይይዛል። የተበላሸውን አይኤስኦ በትክክለኛ ስሙ ቶረንቱ የሚያወርድበት ፎልደር ውስጥ ያስገቡና በኪውቢትቶረንት (የቶረንት ማውረጃ ፕሮግራም) ፎርስ ሪቼክ (እንደገና ፈትሽ) ይበሉት። ደህናዎቹን ቁራጮች ይተዋል፣ የተበላሹትን ብቻ ያወርዳል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቼክሰም ብልሽትን እንጂ ተንኮልን በእርግጠኝነት አይይዝም። በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. የሊኑክስ ሚንት (እንደ ኡቡንቱ ያለ ስርዓተ ክወና) ድረ ገጽ ተጠልፎ ማውረጃ ሊንኩ ወደ ተመረዘ አይኤስኦ ዞሮ ነበር። ገጹን የያዘ ሰው አጠገቡ የተጻፈውንም ቁጥር መቀየር ይችላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የጂፒጂ ፊርማውን (አዘጋጁ በምስጢር ቁልፉ የሚያኖረውን ዲጂታል ፊርማ) ማረጋገጥ ነው።