መልስ፦ ሰው የማይኖርበት የምርጫ ክልል

ወንድሜ፣ ስለ እንግሊዙ ኦልድ ሳረም «ነዋሪ የሌለው ኮረብታ እንዴት የፓርላማ መቀመጫ ሊኖረው ቻለ?» ብለህ ለጠየቅከው፦

የመምረጥ መብቱ የተያያዘው ከነዋሪው ጋር ሳይሆን ከመሬቱ ጋር ስለነበረ ነው። ሶልዝበሪ አጠገብ ያለው ይህ ቦታ በመካከለኛው ዘመን ምሽግና ካቴድራል የነበረው ከተማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1220 አዲሱ ካቴድራል ከታች ሜዳው ላይ መሠራት ሲጀምር ሕዝቡም ቀስ በቀስ ወደዚያው ወረደ። ውክልናው ግን እዚያው ኮረብታው ላይ ቀረ፤ ሁለት እንደራሴ መላኩን ቀጠለ።

እንግዲህ ድምፅ የሚያሰጡትን ቁራሽ መሬቶች የገዛ ሰው መቀመጫዎቹንም ገዛ ማለት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሕንድ ንግድ የከበረው ቶማስ ፒት ቦታውን ገዛው። የልጅ ልጁ ዊልያም ፒት፣ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው፣ በ1735 ፓርላማ የገባው ከዚሁ ክልል ነው። በ1802 ደግሞ ቦታው በ60,000 ፓውንድ ተሸጠ። ለሣርና ለፍርስራሽ ይህን ያህል የሚከፍል የለም፤ የተሸጠው ሕግ የማውጣት ሥልጣን ነው።

በ1831 መራጮቹ 11 ብቻ ነበሩ፤ አንዳቸውም እዚያ አይኖሩም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ፣ በዚያው ጊዜ ከ100,000 በላይ ሕዝብ የነበራት ማንችስተር አንድም የራሷ እንደራሴ ያልነበራት መሆኑ ነው። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የተሐድሶ ሕግ ኦልድ ሳረምን ጨምሮ 56 ክልሎችን ሰረዘ፤ ማንችስተር፣ በርሚንግሃምና ሊድስም ሁለት ሁለት መቀመጫ አገኙ።