አድራሻ ያለቀበት ቢሮ

ጥያቄ፦ የቢሮአችን ሠራተኞች በሁለት ዓመት ውስጥ ከ60 ወደ 180 አድገዋል። ጠዋት ሁሉም ደህና ነው፤ ረፋድ ላይ የሚገባ ሰው ግን ዋይፋዩ ይያዝለትና ኢንተርኔት አያገኝም። ኮምፒውተሩ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ያሳያል። ኔትወርካችን 192.168.1.0፣ ሰብኔት ማስኩ (የኔትወርኩን ስፋት የሚወስነው ቁጥር) 255.255.255.0 ነው። ሁለተኛ ራውተር ብጨምር ይፈታል?

መልስ፦ ራውተሩን ይተዉት። ሁለት ራውተሮች በአንድ ኔትወርክ ላይ አድራሻ ማደል ከጀመሩ ማን ከየትኛው እንደወሰደ ሲያጣሩ ይከርማሉ። አንዱን ከሌላው ጀርባ ቢያስቀምጡት ደግሞ ቢሮው ለሁለት ይከፈላል።

169.254 ኮምፒውተር አድራሻ ጠይቆ የሚሰጠው ሲያጣ ለራሱ የሚያወጣው ነው። ቀድሞ የገባ አግኝቶ የዘገየው ከተከለከለ፣ የሚታደለው አልቋል። መጀመሪያ ዲኤችሲፒው (ለመሣሪያዎች አድራሻ የሚያድለው አገልግሎት) ከስንት እስከ ስንት እንደሚያድል ይመልከቱ፤ ከ100 እስከ 199 ብቻ ተብሎ የተተወ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። ቀጥሎ የሊዝ ጊዜውን፣ ማለትም አንድ መሣሪያ የታደለውን አድራሻ ይዞ የሚቆይበትን ጊዜ ይዩ። ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ካልተነካ 8 ቀን ነው፤ ለአንድ ስብሰባ ብቅ ያለ እንግዳ ስልክ አድራሻ ይዞ ሳምንት ይሰነብታል። ወደ 8 ሰዓታት ያሳጥሩት።

ይህ ለጊዜው ያስተነፍሳል። ሆኖም 180 ሰው ስልክና ላፕቶፕ ከያዘ 360 መሣሪያ ነው፤ የአሁኑ ማስክ የሚችለው 254 ነው። ማስኩን 255.255.254.0 ሲያደርጉት 510 ያገኛሉ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ አዲሱ ማስክ ሁለት ተከታታይ ክልሎችን ያጣምራል፤ ጥንዱ ሁልጊዜ ከተጋማሽ ቁጥር ስለሚጀምር፣ የሚጨመርልዎት 192.168.2 ሳይሆን 192.168.0 ነው። ክልሉ ከ192.168.0.1 እስከ 192.168.1.254 ይሆናል። መሐል ላይ ያሉት 192.168.0.255 እና 192.168.1.0 አሁን ሕጋዊ አድራሻዎች ናቸው፤ አሮጌ መሣሪያ ሊያንገራግርባቸው ስለሚችል ግን ከእደላው ያውጧቸው።

ራስ ምታቱ ያለው አድራሻቸው በእጅ የተሞላ መሣሪያዎች ዘንድ ነው፤ ፕሪንተር፣ ሰርቨር፣ ካሜራ። በ192.168.1.20 ያለ ፕሪንተር አሮጌውን ማስክ እንደያዘ ቀረ እንበል። ከ192.168.0.50 የተላከው ጥያቄ በቀጥታ ይደርሰዋል። መልሱን ግን «ይህ የእኛ ሰፈር ሰው አይደለም» ብሎ ለጌትዌዩ (ወደ ሌላ ኔትወርክ ለሚያወጣው ራውተር) ይሰጣል፤ ጌትዌዩም የንግግሩን መጀመሪያ ስላልሰማ ሊጥለው ይችላል። ግማሹ ሠራተኛ ያትማል፣ ግማሹ አያትምም። እኔ ራሴ በዚህ ምክንያት ሙሉ ከሰዓት ድራይቨር ስነቅል ስጭን ውያለሁ።

ስለዚህ እነዚህን መሣሪያዎች አንድ በአንድ ዞረው ወረቀት ላይ ይመዝግቡ። ዓርብ ዕለት የሊዝ ጊዜውን ወደ 1 ሰዓት ያውርዱ፤ ቅዳሜ አብዛኞቹ መሣሪያዎች አድራሻቸውን ለቀው ያገኟቸዋል። በቅድሚያ የጌትዌዩን ማስክ፣ ከዚያ በመዝገብዎ ያሉትን፣ በመጨረሻ ዲኤችሲፒውን ይቀይሩ። የሚያድለው ዊንዶውስ ሰርቨር ከሆነ የነባር ስኮፕ (የሚታደሉት አድራሻዎች ክልል) ማስክ አይቀየርም፤ ሰርዘው እንደገና መፍጠር ግድ ስለሆነ ለመሣሪያዎች በቋሚነት የተያዙትን አድራሻዎች አስቀድመው ይገልብጡ።

510ውም ከጠበበ ያንኑ ኔትወርክ ደጋግሞ መለጠጥ አልወድም፤ አንዱ መሣሪያ ለሁሉም የሚያሰማው ጩኸት፣ ማለትም ለሁሉም የሚበትነው መልእክት፣ እየበዛ ይሄዳል። የስልኮቹን ዋይፋይ በቪላን (በአንድ መሣሪያ ላይ የተለያዩ ኔትወርኮችን የመክፈያ ዘዴ) ለይተው የራሱን ክልል ይስጡት፤ ለምሳሌ 192.168.8.0 በማስክ 255.255.252.0 ለ1022 ይበቃል። ስዊቾችዎ (የኔትወርኩን ገመዶች የሚያገናኙት ሳጥኖች) ቪላን የሚችሉ መሆናቸውን ከሞዴል ቁጥራቸው ከአሁኑ ያረጋግጡ።