ዘፋኝነት ምንድን ነው? እና ሌሎች የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አብረውኝ በአንድ ክፍል የሚኖሩ የሌላ ቤተ እምነት ልጆች ዘፈን መስማት ኃጢአት ነው እያሉ ገላትያ ምዕራፍ 5ን ያሳዩኛል። የእኛ የካቶሊካውያን ትምህርት ምንድን ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጓደኞችሽ የሚያሳዩሽ ቃል በእርግጥ በመጽሐፍ አለ። ሐዋርያው ጳውሎስ የሥጋን ሥራዎች ሲቆጥር በመጨረሻ ላይ «ስካር፣ ዘፋኝነት» ይላል። ሆኖም ተርጓሚዎቻችን «ዘፋኝነት» ያሉት የግሪኩ ቃል «ኮሞስ» ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ሰዎች ሰክረው ሌሊት በየመንገዱ እየጮኹ የሚዞሩበትን፣ ልቅነት የሞላበትን ፈንጠዝያ ያመለክታል። በሮሜ 13፥13 ላይም ያው ቃል ከስካር ጋር ተጣምሮ ይገኛል። ቃሉ ዜማን፣ ግጥምን ወይም መሰንቆን በራሱ የሚኮንን ቢሆን ኖሮ፣ የጠፋው ልጅ በተመለሰ ቀን ከአባቱ ቤት የመሰንቆና የዘፈን ድምፅ ባልተሰማ፣ መጽሐፈ መክብብም ለመዝፈን ጊዜ አለው ባላለ ነበር።

ስለዚህ ዘፈን ሁሉ ኃጢአት ነው የሚል ትምህርት ቤተ ክርስቲያናችን የላትም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ዘመኑ ዓለም ባወጣው ሰነድ ለባህል አንድ ሙሉ ምዕራፍ መስጠቱም ያለ ምክንያት አይደለም። የሚዘፈነው ሁሉ ይሰማ ማለት ግን አይደለም፤ ሴትን የሚያዋርድና ስካርን የሚያወድስ ዘፈን ሐዋርያው ከጠቀሰው ፈንጠዝያ የሚለይበት ነገር የለውም።

እኔን ከፍቅር ዘፈን ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። ጳውሎስ በዚያው ዝርዝር ውስጥ ጥልን፣ ክርክርን፣ ቁጣን፣ አድመኛነትንና መለያየትን ከዘፋኝነት አስቀድሞ ጠርቷል። እኛ የመጨረሻዋን ቃል ይዘን የፊተኞቹን ዘለናቸው። በሰርግ ቤት የሚዘፍነውን አዝማሪ እየነቀፍን፣ ደም መመለስን የሚያሞግስና አንድን ሕዝብ ለይቶ የሚሰድብ ዘፈን በስልካችን ሲደርሰን ሳናመነታ ለሌላው እናስተላልፋለን፤ ያውም በሁለቱም ወገን ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶች ባሉበት አገር። በየትኛውም ቋንቋ ቢዜም፣ እንዲህ ያለውን ማሰራጨት በኑዛዜ ሊነገር የሚገባው ነው። ጓደኞችሽም ቢሆኑ በዚህ ከአንቺ ጋር የሚስማሙ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ በፍቼ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። አንድ ካህን ስለ ሰላምና ስለ ፍትሕ ቢሰብኩ «ፖለቲካ ገቡ» ተባሉ። ካህን ስለ አገር ጉዳይ መናገር አይችልምን? የፓርቲ አባልስ መሆን ይችላል?

መልስ፦ መናገር ይችላል፤ ሥልጣን መያዝ ግን አይችልም። በግእዝ ሥርዓት የምንቀድስ ካቶሊካውያን የምንተዳደርበት የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ሲሆን፣ ቀኖና 383 ካህናት የመንግሥት ሥልጣን ያለበትን ሹመት እንዳይቀበሉ ይከለክላል። ቀኖና 384 ደግሞ ካህናት በፍትሕ ላይ የቆመ ሰላምንና አንድነትን እንዲያበረታቱ አዝዞ፣ በፖለቲካ ፓርቲ ውስጥ ንቁ ተሳትፎ እንዳያደርጉ ያሳስባል፤ የበላዩ አካል ለቤተ ክርስቲያን መብት ወይም ለጋራ ጥቅም አስፈላጊ ነው ብሎ ካልፈረደ በቀር። የአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11ም መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ደንግጓል። እንግዲህ ካህኑ «አትግደል» የሚለውን ትእዛዝ ለሁሉም እኩል የሰበኩ ከሆነ የተሰጣቸውን አደራ ተወጡ እንጂ ፖለቲካ አልገቡም።

የሸዋ ታሪክ ራሱ በዚህ ረገድ አስተማሪ ነው። ካፑቺን ከሚባለው የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር የሆኑት ጣልያናዊው ጳጳስ አባ ማስያስ እ.ኤ.አ. በ1868 በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ባለችው ልቼ ላይ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ተገናኝተው ለዓመታት በሸዋ ኖሩ፤ የንጉሡም አማካሪ ሆኑ። ምኒልክ በ1878 እዚያው ልቼ ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከገበሩ በኋላ ግን አባ ማስያስ በ1879 ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። የእምነት ልዩነት ዋና ምክንያት እንደነበረ አልክድም፤ ነገር ግን ከቤተ መንግሥት ጋር የተቆራኘ ወንጌል ቤተ መንግሥቱ ሲናወጥ አብሮ መናወጡ አይቀርም ብዬ አምናለሁ። በሹመትና በምርጫ ማገልገል የእርስዎና የመሰሎችዎ የምእመናን ድርሻ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ2000 የፖለቲከኞች ጠባቂ አድርገው የሰየሙት የእንግሊዙ ባለሥልጣን ቅዱስ ቶማስ ሞርም ባለ ትዳርና የልጆች አባት የነበረ ምእመን ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ከቤተ ክርስቲያን ርቄ መንዝ ውስጥ ነው። እሑድ ቅዳሴን በስልክ መከታተል ይበቃልን?

መልስ፦ ለታመመ ሰው ወይም መንገዱ ለራቀበት ታላቅ መጽናኛ ነው፤ በእውነተኛ ምክንያት የቀረ ሰውም ኃጢአት አይሆንበትም። ሆኖም ቅዱስ ቁርባን በስልክ አይደርስም። ቤተ ሰብዎን ሰብስበው የዕለቱን ወንጌል ያንብቡ፤ ወደ ከተማ በሚወጡበት ጊዜ ሁሉ ግን ቅዳሴውን ከገበያው ያስቀድሙ።

ጥያቄ፦ በሸዋ ሮቢት የምኖር አባት ነኝ። ልጄ ጂንስና ስኒከር የለበሰ ወጣት ሥዕል ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ ሰቀለ። ቅዱስ ነው ይለኛል። ይህ ድፍረት አይሆንምን?

መልስ፦ ልጅዎ እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ተወልዶ በ2006 በ15 ዓመቱ በደም ካንሰር ያረፈው ጣልያናዊው ካርሎ አኩቲስ ነው፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 14ኛ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 7 ቀን 2025 ቅድስናውን አውጀዋል። ኮምፒውተር አዋቂ ስለነበረ በቅዱስ ቁርባን የተደረጉ ተአምራትን ሰብስቦ በኢንተርኔት አሳይቷል። ልብሱ አያስደንግጥዎ። የቡልጋውን አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ሠዓሊዎቻችን በአንድ እግር አቁመው የሚስሏቸው በጸሎት ቆመው እግራቸው መሰበሩን ለመመስከር ነው፤ የዚህ ልጅ ልብስም የኖረበትን ዘመን ይመሰክራል። ካርሎ ጌም ይወድ ነበር፤ ነገር ግን በሳምንት ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይጫወት ራሱን ወስኖ ነበር። ሥዕሉ ባለበት ይቆይ፤ ስለዚህች አንድ ሰዓት ግን ከልጅዎ ጋር ቁጭ ብለው ይነጋገሩ።