መልስ፦ ዳዮድ አጣሁ፣ ለሁለት የተከፈለውን ኪቦርድ ልሥራ ወይስ ልጠብቅ?

ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) አጥቼ ሥራው ቆመ፣ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ልጠብቅ ወይ ላልከው፣ አትጠብቅ። ሁለት ፒኮ (ትንሿ የራስበሪ ፓይ መቆጣጠሪያ ቦርድ) ካለህና ቁልፎችህ 42 ከሆኑ ዳዮድ ጭራሽ አያስፈልግህም።

በየግማሹ 21 ቁልፍ አለ፤ ፒኮ ደግሞ 26 ፒን (ሽቦ የሚበየድበት መገናኛ ነጥብ) ይሰጥሃል። 21ዱን ለቁልፍ፣ አንዱን ለሁለቱ ግማሾች መነጋገሪያ ብታውል አራት ይተርፉሃል። ዳዮድ የሚገባው ቁልፎች በረድፍና በዓምድ ሽቦ ሲጋሩ፣ ሦስት አብረህ ስትጫን ያልነካኸው አራተኛ እንዳይጻፍ ነው። አንተ ግን የእያንዳንዱን ቁልፍ አንድ እግር ከራሱ ፒን፣ ሌላውን ከግራውንድ (ከቦርዱ የጋራ መመለሻ መስመር) ጋር በየድ። ግራውንዱን ከቁልፍ ወደ ቁልፍ እያያያዝክ ሂድ፤ ከተጣለ የኔትወርክ ገመድ የምታወጣው ነጠላ ሽቦ ለዚህ ግሩም ነው። ኪውኤምኬ (ኪቦርዱ ውስጥ የሚጫነው ሶፍትዌር) ላይ «ዳይሬክት ፒንስ» የሚለውን ምረጥ።

ከኪውኤምኬ ያወጣኸውን ፋይል ለመጫን ፒኮው ላይ ያለውን ቡትሴል የሚባል አዝራር ተጭነህ ዩኤስቢውን ሰካ፤ እንደ ፍላሽ ይከፈታል፣ ፋይሉን ኮፒ አድርግበት። ለሁለቱም ያው ፋይል ነው።

አደራ፣ ግማሾቹን የሚያገናኘውን የኦዲዮ ገመድ ዩኤስቢ ተሰክቶ እያለ አትንቀል፣ አትሰካም። ጫፉ ሲገባና ሲወጣ ኃይሉን ከግራውንድ ሊያነካካው ስለሚችል ቦርዱ ሊቃጠልብህ ይችላል።

ስለ አማርኛው አትጨነቅ። ፊደሉን የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሶፍትዌር ስለሆነ የለመድከው መጻፊያ እንዳለ ይሠራል። ሺፍትን ግን አውራ ጣት ሥር አድርጋት፤ በላቲን ድምፅ ስንጽፍ ጠና ጨ በሺፍት ስለሚመጡ ትንሿ ጣት ትደክማለች።