«አሲዩም» ማለት መገመት ብቻ አይደለም፦ ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሰበሰብ የእንግሊዝኛ አንባቢዎች ዛሬ ያነሣነው «አሲዩም» (assume) የሚለውን ግስ ነው። ጠያቂዎቹን በየሰፈራቸው እጠራለሁ፤ ስም ያልተጻፈበት መልስ የእኔ የመምህሩ ነው። 31 ዓመት ሳስተምር ይህን ያህል ተማሪ ያሳሳተ ቃል አላየሁም። አስቀድሜ የምለምነው አንድ ነገር አለ፤ ቃሉን ብቻውን አታምጡልኝ፣ ያገኛችሁበትን ሙሉ ዓረፍተ ነገር አምጡ።

ከሳቢያን፦ መምህር፣ «አሲዩም» በአማርኛ ምን ማለት ነው?

ዓረፍተ ነገሩ የታለ?

ከለገሃሬ፦ አንድ መንገደኛ ወንዙ ደረቅ ነው ብሎ «አሲዩም» አደረገና ገባበት ይላል ታሪኩ። መዝገበ ቃላቴ «ገመተ» ይለዋል። ልቀበለው?

እንዲህ ነው የሚጠየቀው። አትቀበለው። ቀፊራ ገበያ ያለች ነጋዴ ከረጢቱን በእጇ ከፍ አድርጋ «አምስት ኪሎ ይሆናል» ስትል ገመተች እንላለን። በክንዷ መዝናለች፣ ልትሳሳት እንደምትችልም ታውቃለች። «አሲዩም» ያደረገ ሰው ግን አልመዘነም፤ ጥያቄው ራሱ አልመጣበትም። ድሬዳዋን የሚያቋርጠውን ወንዝ ደቻቱን አስቡት። ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ነው፣ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ያን ሌሊት ዳር ዳሩን የተኙት ሰዎች «ዛሬ ውኃ አይመጣም» ብለው አስበው አልተኙም፤ ነገሩን ማሰብ ሳያስፈልጋቸው ነው የተኙት። ከደጋው የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ሳይጠየቅና ሳይመረመር ልብ ላይ የተቀመጠ እንዲህ ያለው እምነት ነው በእንግሊዝኛ «አሲዩም» የሚባለው። ስለዚህ ያንተን ዓረፍተ ነገር «ደረቅ መስሎት ገባበት» በለው። «መስሎት» ስሕተት መሆኑ ኋላ የታወቀን ነገር አሳምሮ ይይዛል። እውነት ይሁን ውሸት ገና ካልታወቀ ግን «እንደ እውነት ወሰደው» ይሻላል።

ከአዲስ ከተማ፦ በሪፖርት ላይ ሲመጣስ?

«ታሳቢ በማድረግ»። በሒሳብ ከሆነ «ነው እንበል»።

ከመጋላ፦ «ገዢው ሁሉንም አደጋ አሲዩም ያደርጋል» የሚል ውል አለኝ። አደጋ ይኖራል ብሎ ያስባል ማለት ነው?

አይደለም! ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ ነጋዴ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር የያዘ ውል አስተርጉሞ መጣ። አስተርጓሚው «ገዢው አደጋ ሊኖር እንደሚችል ይገምታል» ብሎ ጽፎለታል። ነጋዴው ፈረመ። ጨርቁ ከጅቡቲ ሲደርስ ውኃ ገብቶበት ነበር፤ ከፊቴ የዘረጋው ጣቃ ጠርዙ ሻግቶ ቀለሙ ወደ ነጩ ክር ወርዷል። ካሳ ሊጠይቅ ሲሄድ ውሉን አሳዩት። እንግሊዝኛው የሚለው «አደጋውን ሁሉ ገዢው ይሸከማል» ነበር። ሰውዬው ጣቃውን ደጋግሞ ሲያጥፈውና ሲዘረጋው እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ምክንያቱ ከሥሩ ይታያል። ቃሉ ከላቲን ነው፤ ጥሬ ትርጉሙ «ወደ ራስ መውሰድ» ነው። ዕዳ ስትወስድ ትሸከማለህ፣ ሥልጣን ስትወስድ ትረከባለህ፣ መልክ ስትወስድ ትለብሳለህ፣ ያልተረጋገጠ ነገር ስትወስድ ታምናለህ። ሁሉም መውሰድ ነው። «ሪዚዩም» መልሶ መውሰድ፣ ማለትም ካቆሙበት መቀጠል ነው፤ «ኮንሲዩም» ወስዶ መጨረስ ነው። ስለዚህ ከግሱ ቀጥሎ ምን እንደመጣ እዩ። ዕዳ፣ ኃላፊነት ወይም ሥልጣን ከተከተለው «ገመተ» ብላችሁ እንዳትጽፉ።

አንዲት ነርስ፦ «አሲዩም የተደረገ ስም»ስ?

የሐሰት ስም።

ከጎሮ፦ አንተ መምህር፣ ፈረንጆች ፍልሰታን ለምን ከዚሁ ቃል በወጣ ስም ይጠሩታል?

ከአዲስ አበባ የመጣ አባል፦ ይቅርታ፣ መምህሩን «አንተ» ማለት ተገቢ ነው? በዕድሜ አባታችን ናቸው።

ከጎሮ፦ ድሬ ውስጥ አባቴንም «አንተ» ነው የምለው።

ከመጋላ፦ ሐረርም እንዲሁ ነው። አክብሮቱ በቃሉ አይለካም።

ከአዲስ አበባ የመጣው፦ ቢሆንም በአደባባይ...

ይብቃ፣ ወደ ቃሉ እንመለስ። ወንድሜ፣ «አንተ» ያለኝ ስለናቀኝ መስሎህ ነው፤ የእኔን ሐሳብ ግን አልጠየቅህም። ስታስተምረን የቆየችው ግስ ይህችው ናት። እኔን ድሬ ያሳደገችኝ «አንተ» እየተባልኩ ነው፣ ቅር አይለኝም።

የፍልሰታው ጥያቄ ደስ ይላል። እንግሊዝኛው «አሰምፕሽን» ይለዋል፤ ስሙን ያወጣው ከመውሰድ ነው፤ እመቤታችን ወደ ሰማይ መወሰዷን ይናገራል። የእኛ ቃል ግን ከ«ፈለሰ» የወጣ ነው። ነሐሴ 16 ቀን አንዱን በዓል ስናከብር እንግሊዝኛው ወሳጁን፣ ግእዙ ተጓዧን ያያል።

አንድ የሕግ ተማሪ፦ «ፕሪዚዩም»ና «አሲዩም» አንድ ናቸው?

በተራ ወሬ ይቀራረባሉ፣ በሕግ አይነካኩም። «ፕሪዚዩም» አስቀድሞ መውሰድ ነው፤ ከጀርባው ደንብ ወይም በቂ ምክንያት አለው። በ1871 እ.ኤ.አ. ጋዜጠኛው ስታንሊ በዛሬዋ ታንዛኒያ ኡጂጂ ላይ ጠፋ የተባለውን አሳሽ ሊቪንግስተንን አገኘና «ዶክተር ሊቪንግስተን ነዎት ብዬ እወስዳለሁ» አለው በሚባልበት ታሪክ የሚጠቀሰው ግስ «ፕሪዚዩም» ነው፤ በዚያ አገር ይኖራል ተብሎ የሚፈለገው ነጭ ሌላ ማን ነበርና? የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 በሁለቱም ቋንቋ አንብብ። እንግሊዝኛው ተከሳሹ ንጹሕ ነው ተብሎ «ፕሪዚዩም» ይደረግ ይላል፤ አማርኛው «እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር» መብት ይለዋል። አንዱ ንጽሕናን ይሰጣል፣ ሌላው ጥፋተኝነትን ይከለክላል። ዳኛ ፊት ውጤታቸው አንድ ነው፣ ለተርጓሚ ግን ትልቅ ትምህርት ነው፦ «መቆጠር» የምትለዋን አጥብቀህ ያዛት። እዚህ «መገመት» ብትል ተከሳሹን ጎድተኸዋል።

ከአዲስ ከተማ፦ አነባበቡስ?

እንግሊዞች «አሲዩም»፣ አሜሪካኖች «አሱም» ይላሉ። ስለ አነባበብ ዛሬ አልሄድም።

ከለገሃሬ፦ ባለቤቴ «ዩ ቴክ ሚ ፎር ግራንትድ» ብላ ጻፈችልኝ። ይህም «አሲዩም» ነው?

አይደለም። ሁልጊዜ ስላለሁ ዋጋዬን ረስተኸዋል ማለቷ ነው። ሰዋስዉን ተወውና ዛሬ በጊዜ ወደ ቤትህ ግባ።

ከአሸዋ፦ ዘግይቼ መጣሁ። ባጭሩ በአማርኛ ምንድን ነው?

በአንድ ቃል የለም፤ ከላይ ያለውን አንብብ። ለአራተኛ ጊዜ እላለሁ፦ ሙሉ ዓረፍተ ነገር!

ከሳቢያን፦ መምህር፣ መጀመሪያ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። አሁን ዓረፍተ ነገር ይዣለሁ። የአውቶቡስ ቲኬት ጀርባ ላይ ድርጅቱ ስለ ሻንጣ ኃላፊነት «አሲዩም» አያደርግም ይላል። «ኃላፊነት አይወስድም» ብዬ ተረጎምኩት።

ልክ ነው። ሻንጣህን ከጎንህ አድርግ።