መልስ፦ የጎርፍ ካርታው ውሃውን ድልድዩ ጋ ለምን ያቆመዋል?

በኤስአርቲኤም (ከጠፈር በራዳር በተለካ የመሬት ከፍታ ዳታ) በሠሩት ካርታ ውሃው ድልድዩ ጋ ተገድቦ ሜዳውን የሚያጥለቀልቀው የጎርፉን ፍሰት ከሚያሰላው ሞዴል ይልቅ በከፍታ ዳታው ምክንያት ይመስላል። ኤስአርቲኤም በ2000 የተለካ ነው፤ ራዳሩ ጥቅጥቅ ካለ ዛፍ ሥር ያለውን መሬት በደንብ አያይም፤ ስለዚህ የወንዝ ዳር ዛፎች እንደ ግድብ ይቆማሉ። ቁጥሮቹም ሙሉ ሜትር ስለሆኑ ለጥ ያለው ሜዳ ደረጃ ደረጃ ይሆናል። ኮፐርኒከስ 30 ሜትር የተባለውን ሌላ የከፍታ ዳታ፣ ወይም ከእሱ ላይ ዛፍና ሕንፃ ተቀንሶ የተሠራውን ፋብዴምን ይሞክሩ (ፋብዴም ነፃ የሆነው ለንግድ ላልሆነ ሥራ ነው)።

ዋናው ሥራ ግን የወንዙ አልጋ ነው። ራዳር የሚሰጠው የውሃውን ገጽ እንጂ ከሥሩ ያለውን ስላልሆነ፣ ወንዙን በየተወሰነ ርቀት፣ በተለይ መታጠፊያና ድልድይ ጋ፣ ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው ይለኩና የአልጋውን ቅርጽ የከፍታ ዳታው ውስጥ ያስገቡ። የጂፒኤሱን ከፍታ መጀመሪያ ወደ ኢጂኤም2008 (ኮፐርኒከስና ፋብዴም ከፍታን የሚቆጥሩበት የባሕር ወለል መነሻ) ይቀይሩ፤ አለዚያ ልዩነቱ በአሥር ሜትሮች ሊቆጠር ይችላል። ወንዙ ከ30 ሜትር ከጠበበ ፒክስሉ (የዳታው አንድ ካሬ) ሊያሳየው ስለማይችል፣ ሞዴሉ ውስጥ ባለ አንድ ልኬት (1D) መስመር አድርገው ይሥሩት።

ድልድዩም በዳታው ውስጥ እንደ ግድብ ሊቆም ስለሚችል፣ ያረፈበትን ፒክስል ከድልድዩ በላይና በታች በኩል ባለው የወንዝ አልጋ ከፍታ ልክ ዝቅ ያድርጉ። በዳታው ላይ ያሉ ጉድጓዶችን በጅምላ የሚሞላውን የሶፍትዌር መሣሪያ ግን አይንኩ፤ ጎርፍ የሚያጠራቅመውን እውነተኛ ረግረግም ይደፍናል።