የሳፋየር ቀለበት ልትገዙ ነው? ስለ አቆራረጡ የጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሳፋየር፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ስለሆነው የከበረ ድንጋይ፣ ናቸው። የሠርግ ወቅት እየቀረበ ስለሆነ ይመስለኛል። የተወሰኑትን መርጬ እነሆ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ለእጮኛዬ ቀለበት ልገዛ ሁለት ሳፋየር አሳዩኝ። ሁለቱም 1.5 ካራት ናቸው፣ ዋጋቸውም እኩል ነው። አንደኛው ግን ከላይ ሲታይ ሰፋ ይላል። እሱን ልውሰድ? (ከአዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ አትቸኩል። ካራት ክብደት ነው፤ 1 ካራት ማለት 0.2 ግራም። ስለ ስፋት የሚነግርህ ነገር የለም። ሰፋ ብሎ የታየህ ድንጋይ ሆዱ፣ ማለትም የታችኛው ክፍሉ፣ ሳስቶ የተቆረጠ ሊሆን ይችላል። ሆዱ ሲሳሳ ከላይ የገባው ብርሃን ወደ ዓይንህ አይመለስም፤ በታች በኩል ያመልጣል። ያኔ የድንጋዩ መሃል ቀለሙ ይጠፋና ወዲያ ማዶ ያሳያል። ነጋዴዎቹ "ዊንዶው" የሚሉት ይህንን ነው።

መፈተኑ ቀላል ነው። ቀለበቱን አጥልቀህ ቀጥ ብለህ ከላይ እየው። በመሃሉ የጣትህ ቆዳ ከታየህ ተወው። ድንጋዩ ገና ወርቅ ላይ ካልተገጠመ ደግሞ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ላይ አስቀምጠው። ፊደሎቹ በመሃሉ ከተነበቡ ጉዳዩ ያው ነው።

ጠበብ ያለውንም ሳትመረምር አትመነው። ሆዱ ከልክ በላይ ከወፈረ የከፈልክበት ክብደት ከታች ተደብቆ ይቀራል፣ ድንጋዩም ይጠቁራል። በጎን በኩል እየው፤ ሚሊ ሜትሩንም ጠይቅ። ደህና የተቆረጠ ክብ 1 ካራት ሳፋየር ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ያው ክብደት ያለው አልማዝ 6.5 አካባቢ ይደርሳል፤ ሳፋየር ጥቅጥቅ ያለ ድንጋይ ስለሆነ ነው።

ደግሞ በወርቅ ቤቱ መብራት ብቻ እንዳትወስን። ከላይ በቀጥታ የሚወርድ ኃይለኛ መብራት ደካማውንም ድንጋይ እንዲያብረቀርቅ ያደርገዋል። አስፈቅደህ በር ላይ ወጣ በልና በቀን ብርሃን፣ ጥላ ቦታ ላይ አዘንብለህ እየው። ሰማያዊው ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ የሚታየውን ውሰድ። ትንሽ ቢጠብም እጮኛህ በየቀኑ የምታየው ቀለሙን ነው።

ጥያቄ፦ ክብ ሳፋየር ፈልጌ ነበር። ሻጩ "ኦቫሉ ይሻልሻል፣ በዋጋም ይረክሳል" አለኝ። እውነቱን ነው ወይስ ያልተሸጠለትን ሊሰጠኝ ነው? (ከዱባይ)

እህቴ፣ በዚህ እንኳ እውነቱን ነው። የሳፋየር ጥሬ ድንጋይ ብዙ ጊዜ ረዘም ብሎ ያድጋል። ክብ ለማድረግ ብዙው መሞረድ አለበት፤ የባከነው ደግሞ ዋጋው ላይ ይጨመራል። ኦቫልና ማዕዘኑ የለዘበው አራት ማዕዘን፣ ማለትም ኩሽን፣ ጥሬውን ይቆጥባሉ። በገበያው የሚበዙትም ለዚህ ነው። ልዕልት ዳያና በ1981 (እ.ኤ.አ.) የተቀበለችው፣ ዛሬ የልጇ የዊሊያም ባለቤት ካትሪን የምታደርገው ዝነኛ ቀለበትም 12 ካራት የስሪላንካ ኦቫል ነው።

ክብ ከወደድሽ ግን ክብ ግዢ። የምትከፍይበትን ምክንያት አውቀሽ ይሁን እንጂ ምርጫው ያንቺ ነው።

ጥያቄ፦ ከአክሱም አካባቢ የተገኘ ጥሬ ሳፋየር አለኝ። በጣም ጥቁር ሰማያዊ ነው። እንዴት ላስቆርጠው? (ከመቀሌ)

ይህ ጥያቄ ደስ አሰኝቶኛል። የትግራይ ሳፋየር ከ2016 መጨረሻና ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በዓለም ገበያ የታወቀ ድንጋይ ነው። እንደ አውስትራሊያው ሁሉ ከባዛልት ዐለት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ብረት ይበዛበታል፤ ጥቁረቱም ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ ሆዱን አታወፍሩት። ለፈዛዛ ድንጋይ ጠለቅ ያለ አቆራረጥ ቀለሙን ያደምቅለታል። ለእርስዎ ድንጋይ ግን መጠነኛ ጥልቀት ይበቃዋል፣ አለዚያ ጭራሽ ይጨልማል።

ሁለተኛው ነገር አቅጣጫው ነው። ሳፋየር በአንድ በኩል ሲያዩት ጥርት ያለ ሰማያዊ፣ በሌላው በኩል ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነው። ጎበዝ ቆራጭ ሰማያዊውን ወደ ላይ ያደርጋል። ክብደት ላለማጣት ሲባል ይህ ሲዘለል ያሳዝነኛል፤ ያማረ ድንጋይ በከንቱ ይቀራል። ከጥሬው ከግማሽ በላይ ቢሄድ አይደንግጡ፣ የተለመደ ነው። ከመስጠትዎ በፊት ግን ያስመዝኑ፣ ፎቶም ያንሱ።

ውስጡ ደብዛዛ ከሆነ በብዙ ጠፍጣፋ ገጾች ማስቆረጡን ይተዉት። ከላይ ድብልብል ያለ ካቦሾን ይሻለዋል። ዕድል ካለዎት አንድ መብራት ስር ባለ ስድስት ጨረር ኮከብ ይወጣበታል።

ጥያቄ፦ ሰርተፊኬቱን ሳየው የአቆራረጥ ደረጃ አልተጻፈበትም። ተታልዬ ይሆን? (ከዋሽንግተን)

አልተታለሉም። ለክብ አልማዝ የሚሰጠው ዓይነት የአቆራረጥ ደረጃ ለባለ ቀለም ድንጋይ አይሰጥም፤ የአሜሪካው የከበሩ ድንጋዮች ምርመራ ተቋም የጂአይኤ ሪፖርትም ስለ አቆራረጡ ቅርጹንና ዓይነቱን ብቻ ነው የሚጽፈው። ይልቅ "ሙቀት ተሰጥቶታል ወይ?" የሚለውን ይፈልጉ። ቀለሙን ለማሳመር ድንጋዩን ማሞቅ የተለመደ ነው፣ ዋጋውን ግን ይለውጣል።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ፤ ጓንት ሳጠልቅና ሳወልቅ እውላለሁ። የቱ ቅርጽ ይበረክትልኛል? (ከቴል አቪቭ)

ኦቫል ወይም ኩሽን። ጠብታ መሳይና ሁለት ጫፉ የሾለ ቅርጽ ይቅርብሽ፤ ሹሉ ቶሎ ይሸረፋል። ሳፋየር በጥንካሬ መለኪያ ከ10 9 ነው፣ ከአልማዝ ቀጥሎ። እንዲህም ሆኖ ጠንካራ ነገር ላይ ከተጋጨ ይሸረፋል። በወርቅ ጥፍር ከተያዘው ይልቅ ዙሪያውን በወርቅ የታቀፈው ጓንት አይዝብሽም። ስንጥቁ በመስታወት የተሞላ ርካሽ ሳፋየርም ስላለ ሻጩን በግልጽ ጠይቂ፤ የሎሚ ጭማቂ እንኳ ያበላሸዋል። መልሱን ደረሰኙ ላይ አስጽፊው።